የጋሽ አክሊሉ መደርደሪያ

ጋሽ አክሊሉ እልኸኛ ናቸው፤ እኔም ጥሩዬ አላንስም። በምሠራበት የኦክላንድ ሰፈር ቤተ መጻሕፍት ከሁለታችን በቀር አማርኛ ተናጋሪ ስለሌለ የምንነታረከው እርስ በርሳችን ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳን ሆዜ ኮሌጅ ውስጥ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተጻፉ የእንግሊዝ ልብ ወለዶችን አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በየቀኑ ይመጡና መስኮቱ ሥር ተቀምጠው እነዚያኑ ወፋፍራም መጻሕፍት ያነባሉ።

ሲጨርሱ ታዲያ መጽሐፉን ራሳቸው ቦታው ይመልሱታል። ኧረ ጠረጴዛው ላይ ይተዉት፣ ኮምፒዩተሩ ተነበበ ብሎ የሚቆጥረው እኛ አንስተን ስንመዘግበው ነው ብዬ ምላሴ እስኪደርቅ ለምኛለሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። የጨዋ ልጅ ያነሳውን ይመልሳል እንጂ ሌላ ሰው አያለፋም ባይ ናቸው። እንዲህ ሲሉ ኮምፒዩተሩ መጻሕፍቱን ለዓመታት ሰው ያልነካቸው አድርጎ ቆጠራቸው፤ አለቃዬም አንባቢ የላቸውምና ከመደርደሪያው ወጥተው ይወገዱ አለች።

ስነግራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። አንጀቴን በሉት። ዛሬውኑ ሁሉንም በስምዎ ቼክ አውት አድርገው ይዋሱ፣ ሰው እጅ ያለ መጽሐፍ አይወገድም አልኳቸው። ቤት መውሰዱን አልወደዱትም፤ ለምን እንደሆነ ግን አልተናገሩም። እኔ እንደሆነ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም፤ ሻንጣ ሙሉ አድርጌ መኪናቸው ድረስ ተሸክሜ አደረስኩላቸው። ትልቅ ቁም ነገር የሠራሁ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ስኩራራ ዋልኩ።

ከዚያ ወዲያ ቀሩ። ደውዬ ምነው ጠፉ ስላቸው፣ መጽሐፉ ቤቴ እያለ እዚያ ምን ልሠራ እመጣለሁ፣ ሥራ ፈት ልባል እንዴ አሉኝ። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበራቸው ባዶውን ይውላል።

አሁን በየጠዋቱ ይደውላሉ። አንዱን መጽሐፍ ሪኒው አድርጊልኝ፣ መመለሻ ቀኑን አራዝሚልኝ ይሉና ስለ ታሪኩ ያጫውቱኛል፤ በማግስቱ ደግሞ ስለ ሌላው። ትናንት ወረፋ በዝቶብኝ ነበርና ነደደኝ።

«ጋሽ አክሊሉ፣ ሁሉንም በአንዴ ሪኒው ላድርግልዎትና ይረፉ» አልኳቸው።



«ታዲያ ነገ ማንን ላናግር ነው፣ ጥሩዬ?»

አንዱን ብቻ አደስኩላቸው።