የሦስት ሰዓቱ ንባብ

ዛሬስ ይሄድ ይሆን? እህተ ማርያም ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆመዋል፤ የልጅ ልጃቸው ላቀው ግን ከአልጋው ጠርዝ አልተነሳም። ከገጠር እሱ ወደሚሠራበት ወደ ቡሬ የመጡት ለእናቱ ለአርባ ተዝካር ሊወስዱት ነው። የፍኖተ ሰላም መኪና ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል። ላቀው የዝናብ መለኪያውን የሚያነበው ደግሞ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

ዘጠኝ ዓመት አንድ ጠዋት አላጓደለም። የኮከብ ሠራተኛነት ወረቀቱ፣ ቀይ ኮከብ ታትሞበት፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ድርቅ በጠናበት በዚህ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ደግሞ አዲስ አበባ ያሉት አለቆቹ ቁጥሩን በየቀኑ በስልክ ይጠይቁታል። እህተ ማርያም ይህን ያውቃሉ፤ የሚያስፈራቸውም ይኸው ነው።

እናቱ የተቀበረች ዕለት "አንብቤ እደርሳለሁ" ብሎ ልኮ ነበር። ሲደርስ ሰዉ ከቀብር ተመልሶ ድንኳን ገብቷል። የዚያን ቀን መዝገቡ ላይ ያሰፈረው ዜሮ ነው፤ በመጋቢት ሰማይ ደመና እንኳ አልነበረም። እህተ ማርያም ትናንት ሲገቡ መዝገቡን በዚያው ገጽ ተከፍቶ አገኙት።

ዛሬ ግን ከንጋት ጀምሮ ይዘንባል። የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ነው።

"አሁኑኑ ለካውና እንሂድ" አሉት።

"ከሰዓቱ በፊት የተለካ አይቆጠርም፣ እማማ። ገና እየዘነበ እኮ ነው።"

"አንተ ካላየኸው መዝነቡን ይተዋል?"

ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም። ለጎረቤቱ ለንግሥቴ የመለኪያውን ግቢ ቁልፍ ሰጥቷት እሷ እንድታነብለት ለመኑት። እሱ ግን ንባቡን አላስተማራትም። ማንንም አላስተማረም።

"አባትህ ስላንተ ለጠየቀው ሁሉ መኪና ተበላሽቶበት ነው ሲል ይኸው አርባ ቀኑ" አሉት። "ዋሽቶ የማያውቅ ሰው። ዛሬ ደግሞ ምን ይበል?"

ላቀው አንገቱን ደፋ። "እናቴ ታማ ሳለች ስለ እኔ ጠይቃ ነበር?"

እህተ ማርያም ይህን እንዳይነግሩት፣ እንዳይጎዳባቸው፣ አርባ ቀን አፋቸውን ይዘው ነበር።

"ውሃ ላጠጣት በቀረብኩ ቁጥር፣ ላቀው ነህ? ትለኝ ነበር።"

ወዲያው ቆጫቸው። እጃቸውን ወደ ትከሻው ሰደዱ፤ ሳይነኩት መለሱት።

ዝናቡ የጣሪያውን ቆርቆሮ ይደበድባል። ላቀው ተነስቶ መዝገቡን ገለጠ። በዛሬው ቀን ትይዩ "አልተነበበም" ብሎ ጻፈና ፈረመበት። ጋቢውን ደረበ፤ ከአያቱ ቀድሞ በዝናቡ ወደ መናኸሪያው ወጣ።