መቶ ስድሳ ዝግ በሮች

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ቤት ለቤት መጠይቅ በምታካሂደው ጠያቂ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ይህ ነው፦ በዕጣ የተመረጡ አራት መቶ ቤቶች፣ መልስ የሰጡ ሁለት መቶ አርባ፣ «ዝግ» ተብለው የተመዘገቡ መቶ ስድሳ። ከመለሱት ውስጥ የንጋቱ አውቶቡስ ያስፈልገናል ያሉት አርባ ስምንት ብቻ፤ ሃያ በመቶ። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ከሦስት ቤት አንዱ ካልፈለገው አውቶቡሱን አነሳለሁ ብሏል። ውሳኔው ማክሰኞ ነው።

«አለቀ ደቀቀ» አለ አለቃዋ። «ፈርሚና እንገላገል።»

ብዕሩን አስቀምጣ የዝጎቹን ዝርዝር ደግማ አየች። ከዝጎቹ አንዱ የጎረቤቷ፣ የዳቦ ጋጋሪዋ ቤት ነበር።

ማምሻውን የሕንፃቸው ደረጃ ላይ አገኘቻት፤ ቅንድቧ ላይ ዱቄት ቀርቷል።

«እትዬ፣ ስለ አውቶቡሱ ልንጠይቅዎ መጥተን አጣንዎት።»

«መቼ?»

«ሐሙስ፣ አራት ሰዓት ላይ።»

«ወይ አንቺ! በአራት ሰዓት እስከ ክርኔ ሊጥ ውስጥ ነኝ። ያ አውቶቡስ ከቀረ እኮ ሥራዬም አብሮት ቀረ። እናንተ እቤቱ የምታገኙት የማይሳፈርበትን ነዋ!»

ጠያቂዋ እዚያው ደረጃው ላይ መዝገቡን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰዓቶቹን አየች። ሁሉንም ቤት ያንኳኩት በሥራ ቀን፣ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። በንጋት አውቶቡስ የወጣ ሰው በዚያ ሰዓት ቤቱ ምን ይሠራል?

በማግስቱ ለአለቃዋ ደወለች።

«መቶ ስድሳውን እሑድ ደግመን እናንኳኳ።»

«አበዛሽው! ሁለት መቶ አርባ ሰው መች አነሰ?»

«ብዛቱስ አላነሰም። ግን ቤት የዋለውን ብቻ ሰምቼ ስለ ሁሉም አልፈርምም።»

በስልኩ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «እግርሽ ነው የሚቀጥነው፣ የኔ አይደለም» አለ። እሑድ ረፋድ ላይ ግን እያጉረመረመ መጥቶ የዝርዝሩን ግማሽ ተቀበላት።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ በሩን ከፍቶ፣ «ዛሬ ከየት ትዝ አልናችሁ?» ብሎ ሳቀ። አለቃዋም ሳቀ፤ ከዚያ ወዲያ ማጉረምረሙን ተወ።

እስኪመሽ መቶ ሠላሳ በሮች ተከፈቱ፤ መቶ አራቱ አውቶቡሱን ፈለጉት። ሠላሳው እንደተዘጋ ቀረ፤ እሱንም ሪፖርቷ ላይ አሰፈረችው።

ማክሰኞ አውቶቡሱ እንዲቀጥል ተወሰነ። ከመለሱት ሦስት መቶ ሰባ ቤቶች መቶ ሃምሳ ሁለቱ፣ ማለትም አርባ አንድ በመቶው፣ ይፈልጉታል። ሠላሳው ዝግ በር ሁሉ ተከፍቶ «አያስፈልግም» ቢል እንኳ ድርሻው ከሠላሳ ስምንት በመቶ በታች አይወርድም ነበር።