ያልተኛችው እናት

ወንድሜ የሞተው ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ፀሐይ ነበረች። መስኮቱ ተከፍቶ ስለነበር ከግቢው የመኪና ጡሩምባና የሰው ሳቅ ይገባ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በፊልሙ ውስጥ ሌሊት ስለሆነ ነው። በፊልሙ ውስጥ ዝናብ ይዘንባል፤ ሰማዩም የሰው ነፍስ እስክትወጣ ጠብቆ ይንጎዳጎዳል።

በዚያ ሰዓት እኔ ሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ የመድኃኒት መስኮቱ ፊት ተሰልፌ ነበር። ሁለት ሰው ቀርቶኛል። እናቴ ፎቅ ላይ፣ ከክፍሉ በር አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጫማዋን አውልቃ፣ ሹራቧን ተንተርሳ ተኝታለች። ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኗን ስላልከደነች "ጋደም በይ እማዬ፣ እኔ መድኃኒቱን ይዤ መጣሁ" ያልኳት እኔው ነኝ። ጋሼ፣ ታላቅ ወንድማችንን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንለው፣ ክፍሉ ውስጥ ከአንዲት የጽዳት ሠራተኛ ጋር ነበር። ሌላ ማንም አልነበረም።

መድኃኒቱን ይዤ ስወጣ ሴትዮዋ እናቴ እግር ሥር፣ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋዋለች። እስከ ጉልበቷ የሚደርስ አረንጓዴ ቦቲ አድርጋ ነበር። ስታየኝ ተነሣችና ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

"እህቴ፣ ወንድምሽ አርፏል። ነርሷን ጠርቻታለሁ፣ ውስጥ ናት። እናታችሁን ግን አልቀሰቀስኳቸውም። አሁን ቢነሡ ምን ያደርጋሉ? ትንሽ ይረፉ ብዬ ነው።"

የመድኃኒቱን ካርቶን በሁለት እጄ ያዝኩ።

"ብቻውን አልሄደም። እጁን ይዤው ነበር" አለች። ከዚያ እንደማፈር ብላ "ጓንቴን አውልቄ ነው የያዝኩት" ብላ ጨመረችበት።

እኔ አልጮህኩም። ግድግዳ ተደግፌ ቀስ እያልኩ ወደ መሬት አልተንሸራተትኩም። የመድኃኒቱ ካርቶን ላይ "ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ" ይላል፤ እኔም "ፍሪጅ ያለው የት ነው?" ብዬ ጠየቅኳት። ሁለት ጊዜ ጠየቅኳት። እሷም አልሳቀችብኝም፤ ከእጄ ተቀብላ ሄዳ ነርሶቹ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠችልኝ። ለሞተ ሰው መድኃኒት። ኀዘን ማለት ለእኔ ያ ነው፤ እስካሁን በየትኛውም ፊልም ላይ አላየሁትም።

እማዬ ከነቃች በኋላ በራሷ ላይ ፈረደች። "ልጄ ሲሞት ተኝቼ ነበር" ማለት ሥራዋ ሆነ። አልጋ ላይ አልወጣም አለች። ሐኪም አመጣን፣ ክኒን ሰጣት፣ ክኒኗን ትራስ ውስጥ ደበቀችው። በመጨረሻ ያስተኛት የባለቦቲዋ ነገር ነው። ስሟን ስላላወቅን እንደዚያ ነበር የምንላት።

"ጓንቷን አውልቃ ነው?" ትለኛለች።

"አውልቃ ነው እማዬ።"

"እጇ አይቀዘቅዝም?"

"ሞቃት ነው፣ እኔንም ነክታኛለች።"

ከዚያ ትተኛለች። ለሁለት ዓመት፣ ማታ ማታ፣ ይህችን ጨዋታ እንደ ክኒን እያስዋጥኳት አስተኛኋት።

ታናሽ ወንድማችንን ጩጬ ነው የምንለው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ፂሙ ሸብቷል፣ ሥራ ቦታው "ዳይሬክተር" ይሉታል፤ ለእኛ ያው ጩጬ ነው። ጋሼ ሲሞት ሩቅ ክፍለ አገር የሌላ ሰው ፊልም ሲቀርጽ ነበርና አውቶቡስ አጥቶ ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን የልብስ ስፌት ሱቄ መጥቶ የካውያዬን ጠረጴዛ ተደግፎ ቆመ።

"እትዬ፣ የጋሼን ፊልም ልሠራ ነው።"

"የጋሼን ምን?"

"ፊልም። አምስት ቢጃማ ትሰፊልኛለሽ። ያንን ሰማያዊ መስመር ያለውን።"

"አምስት? ስንት ጊዜ ነው የምትገድለው?"

"ቀረጻ ነው እትዬ። አንዱ በላብ ይርሳል፣ አንዱ ደረቅ መሆን አለበት፣ ቢቀደድስ?"

ሰፋሁለት። ለምን ሰፋሁ? ወንድሜ ስለሆነ፤ ደግሞም ሌላ ሰው ከሚሰፋው እኔ ልስፋው ብዬ። ጋሼ ሲታመም የሰፋሁለት ቢጃማ ቀኝ እጅጌው ከትከሻ እስከ አንጓ የተከፈተ ነበር፤ ግሉኮስ ሲተከልለት ልብስ አውልቅ ልበስ እያሉ እንዳያንገላቱት በጥብጣብ ነበር የሚታሰረው። አምስቱንም እንደዚያው አድርጌ ሰጠሁት። በማግሥቱ አምስቱንም ይዞ ተመለሰ።

"እጅጌውን ዝጊው። ካሜራ ላይ የተቀደደ ይመስላል።"

አምስት ቀኝ እጅጌ ዘጋሁ። ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ።

እጅጌ ስዘጋ የፊልሙን ጽሑፍ አነበበልኝ። መጨረሻው ላይ እናትየዋ ሌሊቱን ሙሉ ነቅታ የልጇን እጅ ይዛ ትቀመጣለች፤ ልጁም ረጅም ንግግር አድርጎ ይሞታል። ጋሼ ከመሞቱ በፊት ለሁለት ቀን ቃል አልወጣውም።

"ባለቦቲዋስ?" አልኩት።

"አስቤባታለሁ። ግን እትዬ፣ ተመልካቹ የማያውቃት ሴትዮ መጨረሻ ላይ መጥታ እጅ ብትይዝ ማን ያለቅሳል?"

"እኔ።"

"አንቺ ትኬት አትቆርጪም።"

"እሷም ጋሼን አታውቀውም ነበር። ግን ያዘችው።"

መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ድምፁ ጠንከር ብሎ ወጣ መሰለኝ፣ እጁን አነሣ። "እሺ፣ እሺ በቃ፣ አስገባታለሁ። ቦቲውንም ጓንቱንም። ደስ አለሽ?"

ደስ አለኝ። ሞኝ ነኝ።

ቢጃማዎቹን ላደርስ የቀረጻው ቦታ ሄድኩ። ክፍሉ ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ነው፤ መስኮት አለው፣ ከመስኮቱ ውጭ ግን ሰማይ የለም፤ መሰላል ላይ የወጣ አንድ ሰውዬ አለ፣ ጎማ ይዞ በመስተዋቱ ላይ ውኃ ያወርዳል።

"እትዬ፣ ዝናቡ በዛ እንዴ?" አለኝ ሰውዬው።

"ሰውየው የሞተው በፀሐይ ነው።"

"እኔን ያዘዙኝ ሁለት በርሜል ነው" አለና ቀጠለ።

እማዬን የምትሠራዋ ተዋናይ ዓይኗ ውስጥ ከብልቃጥ ጠብ ጠብ ያደርጉላታል፣ "ጀምሪ" ይሏታል፣ በጉልበቷ ትወድቃለች። ጉልበቷን እንዳይጎዳት ስፖንጅ አንጥፈውላታል። አራት ጊዜ ወደቀች። ከአራተኛው በኋላ ተነሥታ "አሁንስ እንዴት ነበር?" ስትል ሁሉም አጨበጨቡላት። በእኛ ቤት ማንም አልወደቀም፤ ማንም አላጨበጨበም። ቀን ቀን ሥራ ገባን፣ ማታ ማታ ዝም ብለን ግድግዳ አየን።

ቢሆንም ባለቦቲዋን ሲቀርጽ በዓይኔ አየሁ። አንዲት ሴት አረንጓዴ ቦቲ አድርጋ ገባች፣ መወልወያውን አስቀመጠች፣ ጓንቷን አወለቀች፣ እጁን ያዘች። ዝናቡ እንኳ አልረበሸኝም። ቤት ሮጬ ገብቼ ለእማዬ "ባለቦቲዋ ፊልሙ ውስጥ አለች" አልኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እዚህ ላይ ማንንም አልወቅስም።

"ጓንቷንስ?"

"ታወልቃለች። አየኋት እኮ!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ቀን ትቆጥር ጀመር።

ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ለቤተሰብ ያሳዩ ነበርና ቅዳሜ ረፋድ ላይ አርባ ሰው የሚይዝ ትንሽ አዳራሽ ሄድን። እማዬ ለክት ያስቀመጠችውን ጫማ አደረገች። ጨለማው ውስጥ እጄን ይዛ ሰው ብቅ ባለ ቁጥር "እሷ ናት?" ትለኛለች። "ገና ነው" እላታለሁ።

ያ ክፍል መጣ። ዝናቡ ወረደ። ቫዮሊኑ ጀመረ፤ እንዴት ያለ ቫዮሊን መሰላችሁ፣ ሰው ሳይሞት የሚያስለቅስ። ተዋናይዋ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች። እንቅልፍ ሲጥላት ተነሥታ ፊቷን ውኃ ትረጫለች፣ ተመልሳ እጁን ትይዛለች። የግድግዳው ሰዓት ይሽከረከራል፤ እሷ አሁንም ነቅታለች። ተዋናዩ በተዘጋው እጅጌ፣ ላቡ በልክ በልክ ተረጭቶለት፣ ንግግሩን ተናግሮ ጨረሰና ሞተ። ማንም አልገባም። ቦቲ የለም፣ ጓንት የለም። ከኋላችን ያሉት ሰዎች በየመሐረባቸው ይነፋረቃሉ።

እናቴ አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ "ይቺኛዋ አልተኛችም" አለችኝ።

"እማዬ፣ ፊልም ነው።"

"ፊልም መሆኑንማ አውቃለሁ። አልተኛችም ነው የምልሽ።"

መብራት በራ፣ ጭብጨባ ሆነ። እማዬ ከወንበሯ ሳትነሣ ጫማዋን እያየች ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። "ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም። ያቺን ሴትዮ አንቺ ነሽ የፈጠርሻት?"

"ምን?"

"እንድተኛልሽ ብለሽ። ወንድምሽ አያውቃትም እኮ። ቢያውቃት ይተዋት ነበር?"

ማይ ብትለኝ የማልምልበት ነገር አልነበረም፤ ማልኩላት። ጭንቅላቴን ዳበስ አደረገችኝ። ውሸቷን የያዙባትን ልጅ እንደሚዳብሱ።

ጩጬን መተላለፊያው ላይ አበባ ታቅፎ አገኘሁት። አበባውን ከእጁ አስጥዬ "የት አለች?" አልኩት።

"እትዬ፣ ሰው ያያል።"

"ይይ! ለማየት አይደል የጠራኸው? የት አለች?"

"ለአራት ሰው አሳየሁት። አራቱም 'ይቺ ሴትዮ ማን ናት?' አሉኝ። ቆረጥኳት። ደግሞ እማዬን አስቤ ነው! 'ተኝቼ ነበር' እያለች አይደለም እንዴ የምትሞተው? ይኸው፣ አልተኛችም! ስጦታ ነው የሰጠኋት።"

"እንቅልፏን ነው የወሰድክባት። አርባ ሰው ሰብስበህ ጥሩ እናት ምን ታደርግ እንደነበር አሳየሃት። አሁን ገብተህ የቆረጥከውን አሳያት። ጓንት ስታወልቅ ብቻ ትይ።"

ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። "የለም። የማልፈልገውን ሁሉ አጥፍቼዋለሁ፣ ቦታ ያዘብኝ።"

በጥፊ ልለው እጄ ተነሥቶ ነበር። እሱ ግን ቀድሞኝ ጮኸ። "እናንተ የምታስታውሱት አላችሁ! አንቺ መድኃኒት አለሽ፣ እማዬ ወንበር አላት። እኔ ምን አለኝ? እኔ አልነበርኩም!"

"አልነበርክም! ታዲያ አለመኖርህን ቅረጸው! በስልክ ሲነግሩህ የሰው ካሜራ ተሸክመህ የቆምክበትን ቅረጽ። አውቶቡስ ያጣህበትን ቅረጽ። ያ የአንተ ኀዘን ነው፣ ማንም አይነካብህም። የእኛን ለምን አጠብከው?"

አለቀሰ። እውነተኛ ልቅሶ ነበር፤ አፍንጫው እየፈሰሰ፣ ፊቱ እየተጨማደደ፣ ለካሜራ የማይሆን። ሌላ ቀን ቢሆን አቅፈው ነበር። ያን ቀን ግን አላቀፍኩትም፤ ዛሬም አልጸጸተኝም።

ሰኞ ጠዋት እማዬን ይዤ ሆስፒታሉ ሄድኩ። በአካል አግኝታት እጇን ብትነካ ያልቅልኛል ብዬ ነው። የጽዳት ኃላፊው መዝገቡን ገልጦ "ስሟ ማነው?" አለኝ።

"አላውቅም። አረንጓዴ ቦቲ ታደርጋለች።"

ጣቱን ወደ መተላለፊያው ቀሰረ። ሦስት ሴቶች ይወለውላሉ፤ ሦስቱም አረንጓዴ ቦቲ አድርገዋል። "ደግሞ የዛሬ ሁለት ዓመት የነበሩት በሌላ ድርጅት በኩል የመጡ ናቸው፣ ውላቸው አልቋል፤ የት እንደገቡ እኔ በምን አውቃለሁ?" አለ። ወንድሜን እጁን ይዛ የሸኘችውን ሴት፣ መድኃኒቴን ፍሪጅ ያስገባችልኝን ሴት፣ "ስምሽ ማነው?" አላልኳትም። ጩጬ ከፊልም ቆረጣት፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት ስም አልባ አድርጌ አስረክቤዋለሁ። ከእሱ እኩል በራሴም የምናደደው ለዚህ ነው።

"ነይ እንሂድ" አለች እማዬ። "አትድከሚ። ገብቶኛል።"

ፊልሙ ለሕዝብ ታየ፤ ዘጠኝ ሳምንት ቆየ። ተዋናይዋ ፊቷን ውኃ ለምትረጭበት ለዚያው ክፍል ተሸለመች። ማታ "ጓንቷን አውልቃ ነው" ስላት እማዬ "እሺ ልጄ" ትለኛለች እንጂ አትጠይቀኝም።

ባለፈው ወር ጉንፋን ይዞኝ ተኛሁ። ተራ ጉንፋን ነው። እማዬ ወንበር አምጥታ ሦስት ሌሊት አጠገቤ ተቀምጣ አደረች።