የቤት ሥራው ስልክ

«ይህች መምህርት ዳግመኛ ልጄ ፊት እንድትቆም አልፈልግም» ብሎ ሲሞን ጠረጴዛውን በመዳፉ ሲመታ፣ አጠገቡ የተቀመጠችው ሚስቱ እየሩስ መሬት መሬቱን አየች።

ጊዮርጊስ አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል ወላጆችን ቅዳሜያቸውን አስተጓጉሎ የሰበሰባቸው በሲሞንና በእየሩስ ልጅ በማራናታ ምክንያት ነበር። ልጅቷ ባለፈው ሐሙስ በእረፍት ሰዓት፣ ስልክ ላይ ያየችውን ለአዋቂ እንኳ የሚያሳፍር ቪዲዮ ለጓደኞቿ አውርታላቸው ነበር። ወሬው በየቤቱ ሲገባ ወላጆቹ ጥፋተኛ ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም። የቤት ሥራ በቴሌግራም የምትልከው መምህርት ተናኘወርቅ ናት፤ ከእሷ ግሩፕ ካልሆነ ከየት ይመጣል?

መምህርቷ ግሩፑን ሁሉም ከፍተው እንዲያዩት፣ ከሒሳብና ከአማርኛ ጥያቄ በቀር ምንም እንደሌለበት ደጋግማ ተናገረች። ስልኩን ያወጣ ወላጅ አልነበረም።

«አጥፍተሽው ይሆናላ» አላት ሲሞን።

እየሩስ ደሟ ፈላ። እውነቱን የደረሰችበት ዛሬ ጠዋት ነበር። ሲሞን አዲስ ስልክ ሲገዛ አሮጌውን ለቤት ሥራ ይሁንሽ ብሎ ለልጁ ሰጣት። ሌላ ሲም ካርድ አስገባበት እንጂ የራሱን ቴሌግራም አልዘጋውም። ፒያሳ ጫማ መሸጫው ውስጥ ገበያ ሲቀዘቅዝ እየገባ የሚያያቸው ቻናሎች በሙሉ እቤት በልጅቷ እጅ ላይ፣ ከማባዛት ጥያቄዎቹ በላይ ተደርድረው ይጠብቋት ነበር።

ስትጠይቀው ሐፍረት እንኳ አልታየበትም። ልጅ ናት ትረሳዋለች፣ አንቺም ነገሩን አታራግቢው ብሏት ጫማውን አጠለቀ። ስብሰባው ላይ ቢያንስ ጥግ ይዞ ዝም ይላል ብላ ነበር። ይኸው ከሁሉ በላይ የሚጮኸው እሱ ሆነ። ሰው እንዴት እንዲህ ዓይኑን በጨው ያጥባል?

ርዕሰ መምህሩ አቶ ገብረትንሣኤ ጩኸቱ ሰልችቷቸዋል። «እንግዲህ ወላጆች ከተስማማችሁ መምህርቷ ከሰኞ ጀምሮ ትሰናበታለች» አሉ። «የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ።»

ሲሞን ቀድሞ አወጣ። ከፊትም ከኋላም እጆች ተከተሉት። እየሩስ እጇን ሳታወጣ ስትቀር በክርኑ ጎሰም አደረጋት። ያኔ ቦርሳዋን ከፍታ አሮጌውን ስልክ አወጣችና ተነሳች።

«ልጄ ያየችው በዚህ ስልክ ነው» አለች። «ቲቸር የላኩት ነገር የለም። ከእኛ ቤት ነው የወጣው።»



«ተቀመጪ» አላት ሲሞን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እቤት እንነጋገራለን።»

«እቤትማ ጠዋት ተነጋገርን። የሰው የእንጀራ ገመድ ሊበጠስ ነው፣ አንተ እዚህ ጠረጴዛ ትደበድባለህ። ቴሌግራሙ የማን እንደሆነ አንተ ትነግራቸዋለህ ወይስ እኔ ልንገራቸው?»

ሲሞን እጁን አወረደ። ማንንም ሳያይ ወንበሮቹን እየገፋ ወጣ። ሌሎቹም እጆች አንድ በአንድ ወረዱ። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት አባቶች ደግሞ ጎንበስ ብለው የየራሳቸውን ስልክ መነካካት ጀመሩ።

የእየሩስ ንዴት ግን ባሏን ተከትሎ አልወጣም። እሷ እራት እስክትሠራ ልጅቷ ስልኩን ይዛ ጭጭ ስትል፣ እያጠናች ነው ብላ በሩን ገርበብ አድርጋ የምትሄደው ማን ነበር? አንድ ቀን እንኳ ገብታ ምን እያየሽ ነው ብላ አታውቅም። ይህ ከሁሉ የበለጠ አንገበገባት።

ሰዉ መበተን ሲጀምር ወደ መምህርቷ ሄደች። ተናኘወርቅ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወረቀቶቿን ትሰበስባለች። እየሩስ ይቅርታ ጠየቀቻት፤ ማራናታንም ሳትቆጣ እንደምታነጋግራት ነገረቻት።

«የሰኞውን የቤት ሥራ ግሩፑ ላይ ልኬዋለሁ» አለች መምህርቷ።

እየሩስ ስልኩን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ለእኔ በወረቀት ይጻፉልኝ ቲቸር። ከአጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው የማሠራት።»