ከሳይንስ ሕንፃ የተነቀሉት ፖስተሮች

ናዝራዊት ፎቶዋን ለመስጠት ሦስት ሳምንት አመነታች። በዩኒቨርሲቲው የኩዊር ተማሪዎች፣ ማለትም የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች፣ ማኅበር ውስጥ ሁለት ዓመት ስትሠራ ስሟ አንድም ወረቀት ላይ ወጥቶ አያውቅም። መግለጫውን የምትጽፈው እሷ፣ ከቤት ለተባረሩት ማደሪያ የምታፈላልገው እሷ፤ ፎቶ ሲነሱ ግን ካሜራውን ተቀብላ ታነሳቸዋለች እንጂ መሀላቸው አትገባም።

ዘንድሮ ማኅበሩ በተማሪዎች ምክር ቤት ያለው ወንበር ተወዳዳሪ ጠፍቶ ሊዘጋ ሆነ። ሁሉም «አንቺ!» አሏት። ደንቡ ደግሞ ቁርጥ ያለ ነው፤ ስም ከነአባት፣ ፎቶ፣ የሚወዳደሩበት ወንበር።

«እናቴ እኮ እዚሁ ሳይንስ ሕንፃ ነው የምትሠራው» አለችው ለሱፊያን። ሱፊያን የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ሬክስዴል በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ያደገ፣ እንደ እሷው ሁለት ኑሮ የሚኖር ልጅ ነው።

«በቃ፣ እዚያ አንለጥፍም።»

ተስማሙ። ለሚለጥፉት ልጆች ግን የነገራቸው አልነበረም። ማክሰኞ ጠዋት የሳይንስ ሕንፃ ሦስት ፎቅ በናዝራዊት ፈገግታ ተሞላ።

ከሰዓት በኋላ ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር ቤቷ ስትደርስ እናቷ ጽጌ የሥራ ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። እግሯ ሥር ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት አለ።

«በሩን ዝጊው።»

ናዝራዊት ከረጢቱ ውስጥ የተጨማደደ ፊቷን አየችው።

«ማን አይቶታል?» አለች ጽጌ። «ሌላስ ሕንፃ አለ?»

«እማ፣ እውነት ነው። እኔ ነኝ ያስለጠፍኩት።»

«እውነት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩሽ? አልጠየቅኩሽም! ጸሐይ ከላይ ያለውን ፎቅ ነው የምታጸዳው። እሷ ብታየው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ያልሰማ ሰው አይኖርም። መግቢያ ነው የሚያሳጡሽ።»

የፖስተሮቹን ቴፕ ስትፍቅ የጽጌ አውራ ጣት ጥፍር ተገንጥሎ ደም ቋጥሯል። ናዝራዊት ልትቆጣ ፈለገች፤ ዓይኗ ጣቱ ላይ ሲያርፍ ግን ተወችው።

ስልኳ ጮኸ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ማያ ለሁሉም ጽፋለች፦ «ሳይንስ ሕንፃ አንድ ፖስተር አልተረፈም። ይሄ ጥላቻ ነው። በየፎቁ ካሜራ አለ፤ ማንም ይሁን ማን ከግቢው እናስወጣዋለን።»

በማግሥቱ መስኮት በሌላት የማኅበሩ ክፍል ተሰበሰቡ። በር ላይ አንዲት አዲስ ገቢ ተማሪ ናዝራዊትን አስቁማ በአማርኛ አናገረቻት።

«ፊርደውስ እባላለሁ። ስምሽን ፖስተሩ ላይ አይቼ ነው የመጣሁት። የኛም ሰው እዚህ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።»

ናዝራዊት እጇን ጨብጣ አመሰገነቻት።

ማያ ካሜራው እንዲታይ የሚጠይቀውን የአቤቱታ ወረቀት በናዝራዊት ፊት ዘረጋች። «ፊርማሽ ብቻ ነው የቀረን። አርብ ሰልፍ እንወጣለን፤ አንቺ ትናገሪያለሽ።»

«ቢቀርስ? ወረቀት ነው፤ እንደገና እናትማለን።»

«አትፍሪ። ካልፈረምሽም በማኅበሩ ስም እኔ እፈርማለሁ፤ እንዲሁ አንተወውም።»

ማያ ክፉ አይደለችም። አንደኛ ዓመት ላይ ናዝራዊት ያለቀሰችው እሷ ትከሻ ላይ ነው። ግን ካሜራው ቢከፈት የሚታየው፣ አሥራ አንድ ዓመት ያንን ኮሪደር የወለወለች ሴት በጥፍሯ የልጇን ስም ስትፍቅ ነው። የኮንትራት ሠራተኛ ናት፤ እሷን ለማባረር አንድ ደብዳቤ ይበቃል። እውነቱን ብትናገርስ? እነዚህ ሁሉ ዓይኖች እናቷን ጠላት ብለው ያዩዋታል። ወረቀቱን ስታየው ፊደሎቹ ተደበላለቁባት።

«እኔ ነኝ» አለች። «የነቀልኩት እኔ ነኝ። ፈራሁ።»

መፍራቷ እንኳ እውነት ነበር።

«ብትነግሪን እናግዝሽ ነበር እኮ» አለች ማያ። ድምፅዋ እየቀዘቀዘ፣ «ስንት ሰው አንቺን ብሎ ሊወጣ ነበር» ስትል ጨመረች። ወረቀቱንም ለሁለት ቀደደችው። ፊርደውስ ቦርሳዋን አንስታ፣ ማንንም ሳታይ ወጣች።

ናዝራዊት በዚያው ቀን ከውድድሩ ራሷን አገለለች። የምዝገባው ጊዜ አልፎ ስለነበር ወንበሩ ለዓመት ባዶ ቀረ።

ሱፊያን ደረጃው ላይ ደረሰባት። «እናትሽ ናቸው አይደል?»

ደረጃውን መውረድ ቀጠለች።

«ከኔ አይወጣም» አላት።

ቤት ስትገባ «ትቼዋለሁ» አለች። ጽጌ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «ተመስገን!» አለችና ጨምቃ አቀፈቻት። ናዝራዊት የካሜራውን ነገር ልትነግራት አፏን ከፈተች፤ እናቷ ግን ብትሰማ ነገ ያንን ኮሪደር እንዴት ብላ ትረግጠዋለች? ዋጠችው።

«እሑድ አብረን ነው የምንሄደው» አለች ጽጌ፣ ጸጉሯን እየዳበሰች። «ከፊት እንቆማለን፤ ሰው ሁሉ ይይሽ። ነጠላሽን አጥቤዋለሁ።»

«እሺ፣ እማ» አለች ናዝራዊት።