ጽንፈ ዓለም ጤና ቢሮ ቀረበ

የሳይንስ መምህሩ ኡስታዝ ሺሃታ ሐሙስ ጡረታ ሊወጣ ነው፤ የግብፅዋ ኮም ሲድር የባህል ቤት የከዋክብት ማሳያ ጉልላት ደግሞ የሚከፈተው ረቡዕ ነው። ጉልላቱ እንዲሠራ ሃያ ሁለት ዓመት ማመልከቻ የጻፈ ሰው፣ ከሥሩ ቆሞ ለተማሪዎች የሚናገርባት ቀን አንዲት ብቻ ቀረችው። እሷም ብትሆን በማዳም ኢንሳፍ እጅ ነበረች።

ማዳም ኢንሳፍ የፈቃድ ክፍል ኃላፊ ናት። ጠረጴዛዋ ላይ የመንግሥት ዓርማ የሆነው የንስሩ ማኅተም አለ፤ ግብፅ ውስጥ ንስሩ ያላረፈበት ወረቀት የታሚያ፣ የባቄላ ጥብስ፣ መጠቅለያ ነው። ሰኞ ጠዋት ሺሃታ ለተማሪዎቹ የሚያሰማውን ጽሑፍ በእስክሪብቶዋ ጫፍ እየተከተለች አነበበችና ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመች።

«‹የጽንፈ ዓለም ዕድሜ አሥራ ሦስት ነጥብ ስምንት ቢሊዮን ዓመት ነው።› ማን አለ?»

«ሳይንስ ነዋ፣ ማዳም።»

«ሳይንስ የት ነው የሚሠራው? ማኅተም አለው?»

«የዓለም ጠበብት ጥንታዊውን ብርሃን ለክተው የተስማሙበት ነው እኮ!»

«ይስማሙ። ነገ ተቆጣጣሪ መጥቶ ‹በምን ማስረጃ ፈቀድሽ?› ሲለኝ እነሱ ይቆሙልኛል? የልደት ወረቀቱን ያምጡ።»

«የጽንፈ ዓለምን?»

«የኔን ነው እንዴ? ከሌለው ያልተመዘገበ ነው። ላልተመዘገበ ደግሞ ሕግ አለ፤ ጤና ቢሮ ይቀርብና ሐኪም ዕድሜውን ይገምትለታል። ምን አዲስ ነገር አደረጉት?»

እውነትም አዲስ አልነበረም። ሺሃታ ራሱ ዕድሜው የተገመተ ሰው ነው። አባቱ ልደቱን ሳያስመዘግቡ ቀርተው፣ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል ጤና ቢሮ ወሰዱት። ሐኪሙ አፉን አስከፈተው። የሺሃታ ጥርስ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ትልልቅ ነው። «ስምንት ዓመት» አለ ሐኪሙ። እናቱ «አምስት ነው እኮ!» ብለው ቢጮኹ ማን ሰምቷቸው፤ ማኅተሙ አርፏል። እንዲህ ሆኖ ነው፣ የጽንፈ ዓለምን ዕድሜ እስከ ነጥቡ ሲያስተምር የኖረ ሰው በሃምሳ ሰባት ዓመቱ ስልሳ ሞላህ፣ ጡረታ ውጣ የተባለው።

ማክሰኞ ጤና ቢሮ ሄዶ፣ ልጆቻቸውን ካዘሉ እናቶች ኋላ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ሽማግሌው ዶክተር ላቢብ ቀና ሳይሉ ቅጽ ሳቡ።

«ልጁ የታለ?»

ሺሃታ በአገጩ ወደ መስኮቱ አመለከተ። ዶክተሩ አዩ። ውጭ አንድ አህያ፣ የተሰጣ ልብስና ቁራጭ ሰማይ ነበር።

«አህያውን ነው?»

«ሁሉንም ነው፣ ዶክተር። አህያውንም ጨምሮ።»

ዶክተሩ ሺሃታ ከፈቃድ ክፍሉ ያመጣውን ደብዳቤ አንብበው ተነፈሱ። «ኢንሳፍ ናታ! አምና ለሙዚየም የመጣ የፈርዖን ሬሳ ላከችብኝ። እሱስ ጥርስ ነበረው። በል፣ አድራሻ?»

«እዚሁ።»

«ቁመት?»

«የሚታየው ብቻ፣ ከዳር እስከ ዳር ብርሃን ዘጠና ሦስት ቢሊዮን ዓመት የሚጓዝበት። አሁንም እየሰፋ ነው።»

«‹በማደግ ላይ ያለ›» ብለው ጻፉ። «ዕድሜ?»

«አሥራ ሦስት ነጥብ ስምንት ቢሊዮን።»

የዶክተሩ እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። ቅጹ ለዕድሜ ያለው ሁለት ሳጥን ብቻ ነበር። «አሥራ ሦስት ልበለው» አሉ።

«ነጥብ ስምንቱስ?»

«አንተ ሰው፣ ቢሊዮኑን ጥለን ስለ ነጥብ ስምንት ትጨነቃለህ? ሽርፍራፊ ነው፣ ተወው።»

ሺሃታ ደሙ ፈላ። ለዚያች ነጥብ ስምንት ሲል «ነጥብ ሰባት ነው» ካለው ባልደረባው ጋር አራት ዓመት ተኳርፏል። ወረቀቱን ቀምቶ ሊቀደው እጁን ዘረጋ፤ ረቡዕ ትዝ አለችውና እጁን ሰበሰበ። ንስሩ አረፈ።

ማዳም ኢንሳፍ ወረቀቱን ስታይ ግንባሯ ተቋጠረ። «አሥራ ሦስት ዓመት፣ በማደግ ላይ ያለ። ኡስታዝ፣ ይሄ እኮ ለአካለ መጠን አልደረሰም! ያለ ሞግዚት ለሕዝብ አይታይም። ባለቤቱ ማነው?»

ሺሃታ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ።

«ስሙ ይመስገን፣ ግን መጥቶ አይፈርምልኝም። እርስዎ ይፈርሙ።»

ፈረመ። እሷም የግዴታውን ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበችለት፤ ሞግዚቱ፣ ልጁ ሃያ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ፣ በእያንዳንዱ ትርኢት ላይ በአካል ይገኛል፣ ገለጻውንም ራሱ ይሰጣል። በወረቀቱ ላይ ካለው ዕድሜ የተለየ ከተናገረ ሞግዚትነቱ ይሰረዛል።

«ሐሙስ ጡረታ እወጣለሁ እኮ፣ ማዳም።»

«ጡረታ ሠራተኛን ነው እንጂ ሞግዚትን አይመለከትም። ገና ስምንት ዓመት አለዎት።»

ሺሃታ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ዓይኑ እንባ አቀረረ። የተወሰዱበት ሦስት ዓመታት በዚያችው ማኅተም ተመለሱለት፤ በዚያ ላይ አምስት ተመርቆለት።

ረቡዕ ጉልላቱ ሞላ። መብራቱ ጠፍቶ ኮከቦቹ ሲበሩ ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ ተነፈሱ። ማዳም ኢንሳፍ ከኋላ፣ ፋይሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ከፊት ያለች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ዕድሜው ስንት ነው፣ ኡስታዝ?»

«አሥራ ሦስት» አለ ሺሃታ።

ማዳም ኢንሳፍ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ሺሃታ ልጅቷን አየ። ደብተሯን ገልጣ፣ የሚላትን ልትጽፍ እርሳሷን ይዛ ትጠብቃለች። እሱ ላይ የተጻፈው ስሕተት ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተከትሎታል። ስምንቱን ዓመት በልቡ ተሰናበተ።

«ነጥብ ስምንት ቢሊዮን» ሲል ጨረሰ። «ነጥብ ስምንቷን እንዳትረሺ።»

ከኋላ የወረቀት ድምፅ ተሰማ። ማዳም ኢንሳፍ በኮከቦቹ ብርሃን ፋይሉን ገልጣ ስትጽፍ ቆየች።

ትርኢቱ ሲያልቅ ሺሃታ የጉልላቱን ቁልፍ ሊያስረክባት ሄደ። እሷ ግን ፋይሉን ወደ እሱ አዞረችለት። «የሞግዚቱ ቃል፦ አሥራ ሦስት» ይላል።

«የቀረውንስ አልሰሙኝም?»

«ሰምቻለሁ። ሽርፍራፊ ነው» አለችና ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰችው። «ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ሌላ ትምህርት ቤት ይመጣል። እንዳያረፍዱ።»