የአባት ስም የማይጠራበት ፕሮግራም

"ድምፁን ጨምረው እስቲ፤ ደሞዝ የሌለው ሠራተኛ ምን እንደሚያወራ ልስማ" አለ ይርጋ ከባጃጁ የኋላ መቀመጫ።

ባጃጁን የሚነዳው ልጁ ፈንታው ስቆ ድምፁን ከፍ አደረገው። ከቆቦ ወጥተው ወደ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት ላይ ነበሩ። ይርጋ ዋጃ ላይ ሊያየው የፈለገ በሬ ነበረው፤ ልጁ ደግሞ ሊያሰማው የፈለገ ነገር። ዓመት ሙሉ ስለዚህ ፕሮግራም ሲነግረው አባትየው አንድ ቀን እንኳ ጆሮ ሰጥቶት አያውቅም። እሱ የሚኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ እርሻው ዳር ነው፤ ስልኩም ከመደወልና ከመቀበል ያለፈ ሥራ የለውም። አሁን ግን መሸሻ የለውም። ዱላውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ በግራ እጁ ጨብጦ ተቀምጧል።

ፕሮግራሙን ከፈንታው ጋር የምትሠራው ዚነት "ፖድካስት" ትለዋለች፤ ገበሬው "የሐሙሱ ወሬ" ይለዋል። ስሙ "ጥላ ስር" ነው። ዚነት ስልክ ከምትጠግንበት ሱቅ ጓዳ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ፍራሽ አስደግፈው ይቀዱታል። ኢንተርኔት ያለው ከቴሌግራም ያወርደዋል፤ የሌለው ሚሞሪውን ይዞ ይመጣና ዚነት ትጭንለታለች። ስለ ማሽላ ተባይ ይወራል፣ ስለ ገበያ ዋጋ ይወራል፣ የጠፋ ግመል ይነገራል፣ መጨረሻ ላይ ድሮ የተገጠመ ነገር ይሰማል። የሚያስተዋውቀው ፈንታው ነው።

"አሁን የሚመጣውን ስማ" አለ ፈንታው ወደ ኋላ ዞር ብሎ። "አንዲት አሮጊት ናት። ሙሾ ነው።"

"በጠዋት ሙሾ?"

"ስማው ብቻ።"

የሴትዮዋ ድምፅ ቀጭን ነው፤ እየተንቀጠቀጠ ይጀምርና ሳይታሰብ ይጠነክራል።

ማሳህ ጠጣ አሉኝ ጎርፉ ሳይደርስለት፣
የእናቴ ልጅ ረዲ ምን አፈሰስህበት።
ሰላም ብለህ ወጥተህ አካፋህን ይዘህ፣
የጎረቤት ግራኝ ከቦዩ ላይ ጣለህ።

ከዚያ የፈንታው ድምፅ ተከተለ፤ ሞቅ ያለ፣ ደስ ያለው። "አድማጮቻችን፣ ይህ ግራኝ ማን እንደሆነ እኛ ባናውቅም ግጥሙ ግን አንጀት ይበላል። እንዲህ የሚያለቅስ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?"

"አቁም" አለ ይርጋ።

"ምን ሆንህ አባ?"

"አቁም አልሁህ።"

ፈንታው ከአስፋልቱ ዳር አቆመ። ይርጋ ወረደ። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ፈንታው ቁጣ ቢያይ ይሻለው ነበር። አባቱ ሰው በቁሙ ሲመቱት እንደሚያደርገው ዓይኑን አንድ ቦታ ላይ ተክሎ ቀረ።

"ማን እንደሆነ ባናውቅም ያልኸው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ። ለምን?"

ይርጋ ግራ እጁን አየው፤ ዱላውን ወደ ቀኝ እጁ አዛወረ። ከዚያ አስፋልቱን ተሻግሮ ከአላማጣ ወደ ቆቦ የሚመለስ ሚኒባስ አስቆመና ገባ። ፈንታው መሪውን እንደያዘ ቀረ። ከድምፅ ማጉያው የራሱ ድምፅ ስለ ማሽላ ዘር ማስታወቂያ ያነባል።

ወላጆቹ ቤት ሲደርስ አባቱ አልመጣም ነበር። እናቱ ትርንጎ ግቢው ውስጥ ተቀምጣ ለዘር የሚሆን ማሽላ ትለቅማለች። በሬውስ አለችው። ፈንታው በሬውን ትቶ የሆነውን ነገራት፤ ስልኩንም አውጥቶ አሰማት። ትርንጎ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ እጇ ማሽላው ላይ ቆመ። ተነሥታ በጠራራ ፀሐይ የግቢውን በር ዘጋችው።

"አጥፋው።"

አጠፋው።

"ግራኙ አባትህ ነው" አለች።

ፈንታው ሰምቷታል። ግን ሌላ ነገር እንድትጨምር፣ ቀልድ ነው እንድትል ጠበቀ። ትርንጎ ዝቅ ብላ ማሽላዋን እያየች እየቆራረጠች ነገረችው። ፈንታው ገና ጡት ሳይጥል ነው። ጎርፍ የመጣ ዕለት ማሳ የሚያጠጣው ውሃ የማን ተራ እንደሆነ ይርጋና የማሳ ጎረቤቱ ረዲ ተጣሉ። ይርጋ አንድ ጊዜ በዱላ መታው፤ ረዲ ቦዩ ውስጥ ወደቀ፤ አልተነሣም። ይርጋ ታስሮ ወጣ። እስሩ ግን ደሙን አላደረቀውም። ደሙን ያደረቁት ዘወልዶቹ፣ የደም አስታራቂ ሽማግሌዎቹ፣ ናቸው፤ ሁለቱን ወገን አስቀምጠው ካስማሙ በኋላ አስማሏቸው። የረዲ ወገን ረዲን በስሙ አያለቅስም፣ ሙሾ አያወጣለትም፣ ገዳዩንም ለልጅ አያሳይም። የይርጋ ወገን ነገሩን አያነሣም፣ በእነ ረዲ ደጅም አያልፍም። መሐላውን ያፈረሰ ደሙን እንደ አዲስ ከፈተው ማለት ነው።

"ለእኔስ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ልጅ ካላወቀ አይበቀልም፣ ልጅ ካላወቀ አይፎክርም ተብሎ ነዋ።"

ፈንታው አባቱ ገበያ ሲሄድ ሁልጊዜ በትምህርት ቤቱ በኩል ለምን እንደሚዞር አስታወሰ። አጭሩ መንገድ በሙሾ አውጪዋ፣ በረዲ እህት በእነ ራቢዓ ሰፈር ነው። ልጅ ሳለ አንዴ ጠይቆት ነበር፤ ይርጋ "እዚያ ውሻ አለ" ብሎት ነበር። ፈንታውም ከዚያ ወዲህ ውሻውን እየፈራ በዚያ መንገድ ሄዶ አያውቅም።

ሙሾውን ስንት ጊዜ ሰምቶታል። ሲያስተካክለው መሃል ላይ የጮኸች ዶሮ ነበረች፤ የሴትዮዋ ድምፅ ጠርቶ እንዲወጣ ብሎ ዶሮዋን በጥንቃቄ ቆርጦ አውጥቷታል።

ዚነት ሱቅ ሲደርስ ሦስተኛው ባልደረባቸው ናትናኤልም እዚያ ነበር። ናትናኤል በባንክ ሥራ ተመድቦ ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ ዚነት የሮቢት ልጅ ናት። ከበስተኋላቸው ደንባቸው ተለጥፏል። ስድብ የለም፤ ሃይማኖት ከሃይማኖት ማነካካት የለም፤ ሳይፈቅድ የሚቀዳ ሰው የለም። ስህተት ከተሠራ ስህተቱን በተናገረው ሰው ድምፅ በሚቀጥለው ሐሙስ ይታረማል። ማንም በአባቱ ስም አይጠራም። ይህችን የመጨረሻዋን ያስገባት ፈንታው ነው። የአባት ስም ከተጠራ ሰው የእገሌ ወገን፣ የእገሌ ሰፈር እያለ መቁጠር ይጀምራል፣ ወሬያችንን ሳይሆን ዘራችንን ይሰማል ብሎ ተከራክሮ አሸንፏል። አድማጭ ደውሎ የማን ልጅ ነህ ሲለው "የጥላ ስር ልጅ ነኝ" ይላል፤ ሰዉ በሳቅ ይሞታል።

ዚነት ሳይጠየቅ ጀመረች። ካሳው መጥቶ እንደነበር፣ የራቢዓ ልጅ ካሳው፣ ሻይ ቤት ውስጥ ሰዎች ሙሾውን እየሰሙ አይተውት ዝም እንዳሉበት፣ ግራኙ ማነው ብሎ እንዳፋጠጣት፣ አላውቅም ስትለው በሩን ወርውሮ ዘግቶት እንደወጣ ነገረችው።

"ምን አጠፋን? እኔ አስፈቅጃለሁ" አለች።

"ግራኙ አባቴ ነው" አለ ፈንታው።

ከውጭ የሚያልፍ ባጃጅ ጡሩምባ ነፋ።

"የማን ልጅ እንደሆንህ እኮ አላውቅም" አለች ዚነት በመጨረሻ።

"እንዳትጠይቁ ያልሁት እኔ ነኝ።"

ዚነት በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ቴሌግራሙን ወዲያው አጠፋችው፤ ግን ከሐሙስ ጀምሮ በሚሞሪ የወሰደው ሰው ብዛት የትየለሌ ነው። ባጃጆቹም ይዘውታል። ከዚያ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ለራሷ እንደምትናገር ሆነች።

"ልቅዳዎት? አልኋቸው። ቅጂኝ፣ ስሞት ታስታውሽኛለሽ አሉኝ። ላሰማው? አላልኋቸውም። በሩን እንኳ ዘግተው ነው ያለቀሱት። እኔ ለድምፁ ጥራት መስሎኝ።"

እትዬ ራቢዓ በሩን የዘጉት ለመሐላው ነበር። በተዘጋ በር፣ ከአንዲት ሮቢት ከመጣች ልጅ ጋር የተለቀሰ ለቅሶ ሙሾ ወጣ አይባልም ብለው ነው።

ናትናኤል በደንቡ መሠረት ሐሙስ ፈንታው እርማት እንዲያነብ ሐሳብ አቀረበ። ረጋ ባለ ቃል፣ ሰው ሳይጠቀስ።

"ምን ብዬ ነው የማርመው?" አለ ፈንታው። "ግራኙን አናውቅም ያልነው ስህተት ነው፣ እናውቀዋለን ልበል?"

"ይቅርታ ብቻ በል።"

"ለምኑ ሲሉኝስ? ደግሞ ሐሙስ ሩቅ ነው። ካሳው ዛሬ ነው የሚጠይቀው።"

ፈንታውና ዚነት ያኔ ካስታረቁት ዘወልዶች ወደ አንዱ፣ ወደ አያ ታሂር ቤት ሄዱ። ዘወልዱ ግቢያቸው ውስጥ ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ይርጋ አለ፤ ሚኒባሱ ያመጣው እዚህ ነው። ልጁን ሲያይ አልተንቀሳቀሰም። አያ ታሂር ካሳውን አስጠርተው እሳቸው ጋ እንዳስቀመጡት፣ ከጓዳ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንዳለና ነገ ሁለቱ ወገኖች ለእርቅ እስኪቀመጡ ከግቢው እንደማይወጣ ነገሯቸው። የሚያሰጋቸው ሌላ ነበር። ራቢዓ ሙሾዋ መሰራጨቱን አልሰማችም። መሐላ አፍራሽ ተብላ የምትጠራው እሷ ናት፤ እሷ ግን አፏን ከቤቷ ውጭ አልከፈተችም። ይህን ከመንገደኛ አፍ ብትሰማ ነገ አትቀመጥም። እሷ ካልተቀመጠች ደግሞ ካሳው እስከ መቼ ይያዛል?

"የሚነግራት ማን እንደሆነ እያሰብን ነበር" አሉ አያ ታሂር። "ከኛ አንዱ ቢሄድ ክስ ይመስላታል።"

"እኔ የቀዳሁት..." አለች ዚነት።

"በሰው ፊት ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ" አለ ፈንታው። "ደንባችን ያጠፋው ድምፅ ነው የሚያርመው ይላል። ሐሙስ አልጠብቅም። ደጃቸው ሄጄ እነግራቸዋለሁ።"

አያ ታሂር ወደ ይርጋ ዞሩ። በዚያ ደጅ የይርጋ ወገን አያልፍም ተብሎ ተምሏል።

"አንተ አልማልህም" አለ ይርጋ ለልጁ። "ራቢዓ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። አንድ ቃል አልጨመረችም። አካፋ ብቻ ነበር የያዘው።"

ፈንታው ከጠዋት ጀምሮ ከሰማው ሁሉ ይህ ከበደው። እናቱ ስትነግረው ገና የሌላ ሰው ታሪክ ይመስል ነበር።

መንገዱ አጭር ነበር፤ ውሻም አልነበረበትም። ዚነት እየተራመደች ስም ባይናገር እንደሚሻል፣ የጥላ ስር ነኝ ካለ በቂ እንደሆነ፣ ደንቡም ይህንኑ እንደሚል፣ የቀረውን ነገ ሽማግሌዎቹ ቀስ አድርገው እንደሚነግሯቸው መከረችው። ፈንታው አልተቃወማትም። ደንቡ የራሱ ነው፤ ዛሬ መጠለያም ይሆነዋል።

እትዬ ራቢዓ አጥራቸው በር ላይ ፍየል ሲያስገቡ አገኟቸው። ዚነትን አቅፈው ሳሟት።

"ይኼ ያመጣሽው ልጅ ማነው?"

ፈንታው "እንደምን ዋሉ እትዬ" አለ።

አሮጊቷ ቀና ብለው ጆሯቸውን ወደ እሱ ዘንበል አደረጉ፤ ፊታቸው በራ። "የሐሙሱ ልጅ! ድምፅህን ነው ያወቅሁት። ካሳው ሁልጊዜ ይከፍትልኛል፤ በዚህ ሐሙስ ግን ስልኩ ተበላሽቶበት ሳልሰማ ቀረሁ። ሳይህ ደግሞ ገና ለጋ ነህ። ና ግባ፣ ልጄ።"

ፈንታው እግሩን አላነሣም።

"ግባ እንጂ፤ ምን ትገተራለህ? ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?"

ዚነት አየችው። ሰዉን ሁሉ የሚያስቀው መልስ ምላሱ ላይ ነበር። አሮጊቷ ለመሳቅ የተዘጋጁ ይመስሉ ነበር፤ ከሐሙሱ ወሬ መልሱን ያውቁታል።

"የይርጋ" አለ ፈንታው፣ ከአጥሩ ውጭ እንደቆመ። "የግራኙ ይርጋ ልጅ ነኝ፣ እትዬ።"